ለበድሩ የተከፈለ ውሃ

ሌላው ነጋዴ ሲጎድልበት ያብዳል፤ እኔ ያበድኩት ሲተርፈኝ ነው።

ኢክላስ እባላለሁ። ጂዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁት ቤት አይደለም፣ ባጃጅም አይደለም፤ ውሃ የምትሸጥ ማሽን ነው። ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ፣ ከዘይኑ ሱቅ ጎን ተከልኳት። አንድ ብር ሳንቲም ትጎርሳለች፤ አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑላት አንድ ኩባያ የተጣራ ቀዝቃዛ ውሃ ትቀዳለች። ኩባያው በሰንሰለት የታሰረ ነው፣ ያገሬን ሰው ስለማውቀው። ዛሬ በአንድ ብር ምን ይገኛል? የኔ ውሃ ብቻ።

ማሽኗ የቀዳችውን ኩባያ እየቆጠረች ትመዘግባለች። ሐሙስ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ሣጥኑን ከፍቼ ሳንቲሙን እቆጥርና ከእሷ ቁጥር ጋር አስተያያለሁ። ሂሳብ ላይ ቀልድ አላውቅም። ጂዳ የነበረችው እመቤቴ የአንድ ቲማቲም ዋጋ ሳይቀር ታጣራ ነበር፤ ብጠላትም ተምሬባታለሁ።

ከረመዳን በኋላ ሳንቲሙ ከኩባያው መብለጥ ጀመረ። በሰባት ብር በለጠ። በሳምንቱም ሰባት፣ በሌላውም ሳምንት ሰባት። ማሽኗ ታማ እንደሆነ ብዬ ባለሙያ አስመጣሁ፤ ምንም የላትም።

ባለሱቁ ዘይኑ ሳቀብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አላህ በረካ ሲሰጥሽ ጠብ ያለሽ በዳቦ ትያለሽ?»

«በረካና የሰው ሐቅ ይለያያል» አልኩት።

ትርፉን ከራሴ ገንዘብ ጋር አልቀላቀልኩትም። በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ለብቻው አጠራቀምኩት። ጣሳው እየከበደ ሄደ፣ እኔም እየከፋኝ። በሳምንት ሰባት ማለት በቀን አንድ ማለት ነው፤ በየቀኑ ከፍሎ ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው አለ። በዚህ በእኛ ፀሐይ ከፍሎ የማይጠጣ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ሥራዬን ሁሉ ትቼ ዘይኑ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ከዙሁር በኋላ መጡ። እማ መሪየም ነበሩ፣ የበድሩ እናት።

በድሩን መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ የሚጭን ሳቂታ ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት ለማንም ሳይናገር ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ወረደ። መርዶውን ያመጣው አብሮት ሄዶ የተመለሰ ጓደኛው ነው። ባሕሩ ጋ እንኳ አልደረሰም፤ በረሃው ላይ ጥም ገደለው። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እማ መሪየም ሳንቲሟን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው ከተቷት። በከንፈራቸው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ቁልፉን ሳይነኩ ዞረው ሄዱ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። «እማ መሪየም! ውሃዎን ረሱ!»

«አልረሳሁም፣ ልጄ። ለኔ መች ሆነና። ቀጥሎ የሚመጣው ይጠጣዋል። ለበድሩ ሰደቃ ነው። ውሃ አጥቶ አይደል የሞተብኝ?»

ማሽኗ እንደዚያ አይደለችማ። ሳንቲም ከገባላት ጥቂት ትጠብቃለች፤ ቁልፉን የሚጫን ካጣች ትረሳዋለች። ቀጥሎ የሚመጣው የራሱን ብር ይከፍላል። የእናትየው ሰደቃ ሁሉ የገባው እኔ ሣጥን ውስጥ ነው። ‹አዎ፣ ይጠጡታል› ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አፌ እምቢ አለኝ፣ የማሽኗን ጠባይ ነገርኳቸው።

«አንድም ሰው አልጠጣለትም?»

«አንድም» አልኩ።

መንገዱ ዳር ቁጢጥ አሉ። ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ ያልፉናል፤ እሳቸው አይሰሙም። «ስምንት ወር» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ ልጄ እንደተጠማ ነው?»

እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ጣሳውን አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። «ሐቅዎ ነው፣ አንዲት አልነካሁም። ነገ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ እኔ ሳንቲሙን እከታለሁ፣ እርስዎ በእጅዎ ቁልፉን ይጫኑ። ጣሳው እስኪያልቅ ሰው በነፃ ይጠጣል።»

እንዳልኩት አደረግን። ከመስጊድ የወጣው ጠጣ፣ ከጨፋ የመጡ ገበሬዎች ጠጡ፣ ዘይኑም ሳያፍር ሦስት ኩባያ ጠጣ። ሁሉም «በድሩን አላህ ይርሃመው» እያለ ያልፋል። እማ መሪየም ፊታቸው ፈካ። ከመርዶው ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣሳው ሥሩ ሊታይ ሲል አምስት ልጆች መጡ። ጀርባቸው ላይ ትንንሽ ሻንጣ፣ እጃቸው ላይ ባዶ ሃይላንድ። ትልቁ ገና ጢም ማብቀሉ ነው።

«ወዴት ናችሁ?» አሉ እማ መሪየም።

«ባቲ ገበያ፣ እማ።»

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ይህንን የማያውቅ የለም። ልጁ ራሱ እንዳወቅንበት ገብቶት አቀረቀረ።

እማ መሪየም ኩባያውን ሞልተው ሰጡት። «ዱጊ፣ ኢልማ ኮ» አሉት በኦሮምኛ፤ ጠጣ፣ ልጄ። ጠጣ። ከዚያ ክንዱን ያዙት። «ሂን ዴሚን።» አትሂድ።

ልጁ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና ሃይላንዱን ዘረጋላቸው።

እጃቸው ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። የሚያስቡት ገብቶኛል። ባይቀዱለት የሚቀር ቢሆን ጠብታ አይሰጡትም ነበር። ግን አይቀርም።

«ክተቺ» አሉኝ።

ከተትኩ። የአምስቱንም በኩባያ እየቀዱ ሞሉላቸው። የመጨረሻዋ ሳንቲም ስትገባ ሚኒባሱ ጥሩንባ ነፋ፤ ልጆቹ የእማ መሪየምን እጅ ስመው ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሣጥኑን ስከፍት ሳንቲሙና ኩባያው ገጠሙ። አልተረፈ፣ አልጎደለ። ስንት ወር የለመንኩት ነገር ነበር፤ ሳየው ግን እማ መሪየም ሳምንቱን ሙሉ እንዳልመጡ ገባኝ። ሣጥኑን ቆልፌ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሳምንቱ ሳንቲሞች ሻርፓቸው ጫፍ ላይ እንደተቋጠሩ ናቸው።

«ቀሩብኝሳ፣ እማ መሪየም?» አልኩ።

«በድሩ ሳይነግረኝ ሄደ፣ ውሃ እንኳ ሳላስይዘው። እነዚያን ደግሞ በገዛ እጄ ውሃ አስይዤ ሸኘኋቸው። እናቶቻቸው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» ቋጠሮውን ጨበጡት። «የቱ ነበር ትክክሉ፣ ኢክላስ? አንቺ ሂሳብ ታውቂያለሽ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።