ለቁራጭ የተፈረመ ውል

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የደንበኛ ኮት ገበር እየሰፋሁ ሳለ የዋርሳዬ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ስፌት ቤቴ ገባች። እንደ ወትሮዋ አልሳመችኝም።

«ቁራጭን ለጋራዥ ሰጡት» አለችኝ። «አባዬ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

ማሽኑን አቆምኩ።

ቁራጭ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የጅራቱ ጫፍ የለችም፤ መኝታውም ከማሽኔ ሥር የሚጠራቀመው የጨርቅ ቁራጭ ላይ ነበር። የተጣሉ እንስሳትን አንስተን፣ አሳክመን፣ ቤት የምንፈልግላቸው ጥቂት ሰዎች ማኅበር አለን። ቁራጭ ቤት እስኪገኝለት ድረስ እኔ ዘንድ ከረመ። ሁለቱም ጆሮው አይሰማም። የማኅበራችን ሐኪም ከኋላው ሆኖ የድስት ክዳን እያጋጨ ነው ያረጋገጠው፤ ውሻው ዞር ብሎ እንኳን አላየውም። እኔም መግባቢያ አበጀሁለት። የእንጨት ወለሌን በእግሬ ደቅ ሳደርግ ንዝረቱ ይደርሰውና ብድግ ይላል። መዳፌን ካሳየሁት ይቆማል። ጣቴን ወደ ደረቴ ካጠፍኩ ወገቡን እያወዛወዘ ይመጣል። ማሽኑ እየሠራ ከሆነ ግን ወለሉ ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ የእግሬን ምት አይለየውም። ያኔ ማሽኑን ማቆም ነው። ይህን ሁሉ ለዋርሳዬ አንድ በአንድ አሳይቼዋለሁ።

ዋርሳዬ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሴራሚክ ይሸጣል። ልጁ ቁራጭን ስለወደደችው ሊወስደው መጣ። ሐኪሙ ውሉን ሲያቀርብለት ሳቀ።

«ለውሻ ውል? ነገ ደግሞ ለዶሮ የጋብቻ ወረቀት ትጠይቁኛላችሁ!»

«አንብበህ ፈርም» አለው ሐኪሙ።

«ምኑን አነባለሁ፣ ቤተሰብ አይደለሁ እንዴ! እትዬ፣ አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። አንብበው» አልኩት።

እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ አነበበ። «ውሻውን ማቆየት ካልቻልኩ በማንኛውም ጊዜ ለማኅበሩ እመልሳለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ አልሸጥም፣ አልጥልም።» ሁላችንም ሳቅን። ፈረመ። ልጅቷም ከፊርማው ሥር የራሷን ስም በትልልቁ ጻፈች።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ እንዴት ነው ስለው «ተመችቶታል፣ ወፍሯል» ብሎኝ ነበር። ለካ ያኔ ከቤቱ አስወጥቶት ነበር። ልጅቷ እዚያው ቆማ እየሰማች ደወልኩለት።

«ውሻው የት ነው?»

«ውይ እትዬ፣ እኔው ራሴ ልነግርሽ ነበር። አዲስ ሶፋ አስገባንና ጸጉሩ… ሚስቴ ደግሞ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ለጥሩ ሰው ነው የሰጠሁት፤ ግቢው ሰፊ ነው።»

«እንደማይሰማ ነገርከው?»

ስለ ግቢው ስፋት እንደገና ማውራት ጀመረ።

«ነገርከው ወይ?»

«ደንቆሮ ነው ካልኩት ማን ይወስድልኛል? ሰውዬው የፈለገው ጠባቂ ውሻ ነው።»

«እኔ እወስደው ነበር! መልስ ተብለህ ፈርመሃል!»

«አንቺን ላስቸግር አልፈለግኩም። ደግሞ ወረቀቷን እንዲህ ታከርሪያታለሽ ብዬ…»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እንዳላስቸግርሽ! እስከ ዛሬ ይቺ ቃል ስትመጣብኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ያ መስመር ውሉ ውስጥ የገባው እሱን ለማሰር አይደለም። የሰው ኑሮ ይለወጣል፤ ቤት ይጠባል፣ ሰው ይታመማል፣ ሶፋ ይገዛል። መልሰው፣ ማንም አይቆጣህም ነው የሚለው። ውሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አመሉንና ሕመሙን ለአዲሱ ሰው ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ ወደሚያውቁት ሰዎች ይመለስ፤ እነሱ ደግሞ የሚሆነውን ሰው ይፈልጉለት። ከዋርሳዬ የተጠየቀው አንዲት ስልክ ነበረች።

«ታመጪዋለሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

«አመጣዋለሁ። ቤትሽ ሂጂ» አልኳት፤ ጋራዡ የት እንዳለ ጠይቄያት የቁራጭን ማሰሪያ ከግድግዳው አውርጄ ወጣሁ።

የጋራዡ በር ጋ ስደርስ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮምፕሬሰሩም፣ የብረት መፍጫውም፣ ሞተሩም አንድ ላይ ይጮኻሉ። እዚህ መሬት ቢረገጥ ቁራጭ ምኑን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ባለጋራዡ ቱታው ላይ እጁን እየጠረገ መጣ። የያዝኩትን ማሰሪያ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«የውሻው ባለቤት ነሽ?»

«ልወስደው ነው የመጣሁት።»

ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተኝ። ሸራ የለበሰ ነገር ተጋድሟል። ከሸራው ሥር ጫፍ የሌላት ጅራት ወጥታለች።

«ዛሬ ጠዋት ነው» አለኝ። «የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሳስወጣ ከጎማው ጀርባ ተኝቷል። ክላክስ አደረግኩለት እኮ! ደጋግሜ! ይነሳል ብዬ ነው፤ መቼም ውሻ ክላክስ ሰምቶ ይነሳል!»

«አይሰማም» አልኩት።

«ምን?»

«ጆሮው አይሰማም። እኔ ጋ ሲመጣም አይሰማም ነበር።»

ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ስጠራው ዝም ሲለኝ የናቀኝ መስሎኝ፣ እልኸኛው ነበር የምለው። ሰው እንዴት አይነግረኝም፣ እህቴ?»

መንገዱን ሙሉ ይዤው የመጣሁት ቁጣ እሱ ላይ ሊወርድ አልቻለም። ተነስቶ ኮምፕሬሰሩን አጠፋ፤ ሠራተኞቹም መሣሪያቸውን አስቀመጡ። መሬቱ ጸጥ ሲል ከሸራው አጠገብ አንዴ በእግሬ ደቅ አደረግኩ።

ማታውኑ ዋርሳዬ ነገሩን ሰምቶ ደጄ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ በውሻ እንዲህ እንሁን? ሌላ ይገኝ የለም ወይ?»

«ውሻው አልፈረመም» አልኩት። «የፈረምከው አንተ ነህ።»

በሩን ዘጋሁበት።

ባለጋራዡ በሳምንቱ መጥቶ የማኅበሩን የተሰበረ የብረት በር በየደልን። ዋርሳዬም ከጊዜ በኋላ ለልጁ ቡችላ ፈልጎ መጣ፤ አልሰጠነውም።