የቤኒ ጉንጭ ላይ የወጣው ነጠብጣብ

«ሳሙናው ደረቅ ነበር» አለ አባቴ። «ኢሶጋይ ሳይታጠብ ነው እጁን የዓሣዋ ውሃ ውስጥ የከተተው። ነክቼ አይቻለሁ።»

በያቶሚ ከተማ በወርቃማ ዓሣ አርቢዎች ዘንድ ይህ ቀላል ክስ አይደለም። የሰው ሚስት ማባበል ይሻላል።

ቤኒ አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ» እያለ የተኩራራባት ዓሣ ናት። ዘንድሮ በጸደይ እንቁላል ስትጥል፣ ለስምንቱም የአርቢዎች ማኅበር አባላት ከልጆቿ ሊያካፍል ቃል ገብቷል። እሑድ ዕለት ተሰብስበው በነጭ ሳህን ውስጥ ከላይ ሲያዩዋት፣ ከአባላቱ አንዱ ኢሶጋይ ጎንበስ ብሎ ነካ አደረጋትና እንደሚያመነታ ሰው አየር በጥርሱ ሳበ።

«እንግዲህ... ምናልባት ቆዳዋ ላይ ትንሽ ነገር... እኔ ምን አውቃለሁ።»

እውነትም ጉንጮቿ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

«ራሱ በሽታ አስይዞ ራሱ መረመረ!» አለ አባቴ፣ እንግዶቹ ገና ጫማቸውን ሳያስሩ። ውሃውን አሞቀ፣ ጨው በተነ፣ ሰማያዊውን የዓሣ መድኃኒት ጨመረ። እስከ ሐሙስ ነጠብጣቡ አልጠፋም፤ ቤኒ ግን መብላት አቁማ ገንዳው ሥር ተኝታ ታለከልክ ጀመር።

«ጨው ጨምሪ።»

«አባዬ፣ ሾርባ ሆነ እኮ!»

«ጨምሪ አልኩ!»

እሱ ኢሶጋይን ሲጠረጥር፣ እኔ በሽታውን ጠረጠርኩ። ማጉያ መነጽር ይዤ ተጎነበስኩ። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ገላውንም ክንፉንም ሳይመርጥ ጨው እንደተነሰነሰበት ያደርጋል፤ ዓሣውም ስለሚያሳክከው ገንዳው ላይ ይታከካል። ቤኒ አንድ ቀን እንኳ አልታከከችም። ነጠብጣቡም ጉንጯና የጎን ክንፎቿ የፊት ጠርዝ ላይ ብቻ፣ በሰልፍ ነው የቆመው። ይህንን የሚያወጣ በጸደይ ሴት የሚፈልግ ወንድ ዓሣ ነው።

አርባ ዓመት ያረባ ሰው ይህ ጠፍቶት ነው? የሌላ ሰው ዓሣ ቢሆን ከመንገድ ማዶ ይለየው ነበር።

ኢሶጋይ ቤት ሄድኩ። «ወንድ መሆኗን ያውቁ ነበር?»

በሩን ገርበብ አደረገ። «ልጄ፣ አባትሽ "ልጄ ዘንድሮ እናት ትሆናለች" ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው ጎንበስ ያልኩት። ሰው ሁሉ ፊት "ልጅህ ጎረምሳ ነው" ልበለው?»

«ስለዚህ በሽተኛ አሏት።»

«በሽታ ያልፋል፤ ኀፍረት ነው የማያልፈው። ደግሞ ነገሩ ይገባዋል ብዬ እንጂ ያክማታል ብዬ መች አሰብኩ!»

«እጅዎንስ ታጥበው ነበር?»

«ከቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት። የአባትሽን ሳሙና አላምነውም።»

አባቴ ከሰዓት ሲያሸልብ፣ ቤኒን ቀስ በቀስ ከንጹሕ ውሃ ጋር አለማምጄ ሴቶቹ ዓሦች ወዳሉበት አረንጓዴ ገንዳ አዛወርኩት። ከእንግዲህ እሱ ነው። በማግስቱ ቀትር ላይ አባቴን ከገንዳው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ቤኒ እንቁላል እንድትጥል አንዷን ሴት ሆዷን በአፉ እየጎሸመ ያሳድዳታል።

«አየሽልኝ ያንን ሰው?» አለ አባቴ።

«ማንን?»

«ኢሶጋይን ነዋ! በምን እጁ ቢነካት ነው ወንድ ያደረጋት?»

በቀጣዩ እሑድ ይህንኑ ስምንቱም ፊት ተናገረ። ኢሶጋይ ተነሣና ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳሙናውን መጠቀም ነበረብኝ።»

አባቴም በታላቅ ቸርነት ይቅር አለው። ቤኒ ዛሬ ደህና ይበላል። በራችን ላይ አዲስ ሳሙና ተቀምጧል፤ ኢሶጋይ ሲመጣ አሽትቶ ይታጠባል፣ አባቴም በመስኮት አረፋውን ያያል።