ውሃ የማይጠጣው ሹራብ

አብዱልሐሚድ ልጁ ውሃ ውስጥ የምትለብሰውን የመረጠላት በአውራ ጣቱ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ሲሸጥ ፀጉሩ ሸብቷል። ቦንዳ ተፈትቶ ልብሱ ሲዘረገፍ፣ ዓይኑን ሳያሳርፍበት ጨርቁን በጣቱ ፈተግ ያደርግና «ይሄ ዕቃ ነው፣ ይሄ ላስቲክ ነው» ብሎ ይለየዋል። ለደሴ ብርድ ዕቃ ማለት ወፍራም፣ ውስጡ እንደ ግልገል ጠጉር የለሰለሰ፣ ጥጥ የሆነ ባለኮፍያ ሹራብ ነው። ስሱንና አንሸራታቹን «ላብ እንኳ አይጠጣም፤ ቆላ ይልበሰው!» እያለ ኮምቦልቻ ላለው ሰልባጅ ነጋዴ ለሀምዱ በርካሽ ይገፋለታል።

ልጁ ኡመይማ ባሕር ዳር ስፖርት ተምራ ስትመለስ ዋናተኛ ሆና መጣች። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል በሳምንት አንድ ጠዋት ገንዳውን ለሴቶች ብቻ ሊለይ ነው፤ ፈትኖ የሚቀጥራት ሴት አሠልጣኝም ይፈልጋል። ይህን ለአባቷ ነገረችው። እሱ ውሃን የሚያውቀው ቦርከና ሲሞላ ነው፤ በልጅነቱ የጎረቤታቸውን ልጅ ሲወስደው አይቷል። ሲገላበጥ አድሮ፣ ሱብሒን ሰግዶ ተነሣና፦

«እሺ» አላት። «ግን ባለኮፍያ ሹራብ ትለብሻለሽ። ፀጉርሽም አንገትሽም ይሸፈን።»

«ሴቶች ብቻ እኮ ናቸው አባ።»

«ዛሬ ስልክ የሌላት ሴት አለች?»

እሱም ካለው ሁሉ ወፍራሙን፣ ለመኪና ነጋዴ ልጅ እንኳ ያልሸጠውን ግራጫ ሹራብ አውጥቶ ሰጣት። ኡመይማ በእጇ መዘን አደረገችው። አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው። «ጀዛከላህ ኸይር» ብቻ አለች።

በፈተናው ቀን ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ አብዱልሐሚድ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። አንዴ መስኮቱን ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ መቁጠሪያ ሙስበሐውን ከኪሱ ያወጣል፣ መልሶ ይከታል።

«ቁርስ በላሽ?»

«በላሁ።»

«ውሃው ጥልቅ ነው?»

«አባ!»

ከፊታቸው የተቀመጡት እናት ዞር አሉ። «ወደ ኒካሕ ነው እንዴ የሚወስዷት? ምነው እንዲህ አጨናነቋት?»

«ወደ ዋና ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉና ሴትዮዋ ተመልሰው ዞሩ። ቆየት ብለው ግን፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «አላህ ያግራልሽ ልጄ» አሉ።

ገንዳው ዙሪያውን በሸራ ታጥሯል። በሩ ላይ ዘበኛው ገበየሁ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። «ከዚህ ወዲያ ወንድ የለም ሐጂ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምጠብቀው» አለ።

«ሐጂ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ያድርስዎታ! እስከዚያው ይቀመጡ።»

አብዱልሐሚድ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ተቀመጠ። ከሸራው ወዲያ ነፃነት የምትባለው ፈታኝ ድምፅ ይሰማል። ለዚሁ ከአዲስ አበባ መጥታ ከሰዓት የምትመለስ ናት። «ጠርዝ ሳትነኪ አራት ምልልስ። ጠርዝ ከያዝሽ ወድቀሻል፤ አልነገርሽኝም እንዳትዪ!»

ቀጥሎ ውሃው ተሰነጠቀ። ጆሮውን ወደ ሸራው አስጠጋ። መጀመሪያ ፈጠን ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ነበር፤ ቻፕ፣ ቻፕ፣ ቻፕ። ደስ አለው፤ እስትንፋሱ ከእጇ ጋር ይሄድ ጀመር። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። እርጥብ ብርድ ልብስ ድንጋይ ላይ የሚመቱ ይመስል፣ ድብ… ድብ… በመሐሉ ያለው ዝምታ ረዘመ። ሙስበሐው ጣቱ ላይ ቆመ።

«ጠርዙን ያዢ! ያዢ እልሻለሁ!» አለች ነፃነት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

አብዱልሐሚድ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ገበየሁ ዱላውን አጋደመበት።

«ሴቶች ናቸው ያሉት!»

እጁ ሸራውን እንደያዘ ቀረ። ማንም አይያት ያለው እሱ ራሱ ነው። አጥሩ የእሱ አጥር ነው። «ኡመይማ!» ብሎ ጮኸ። የቦርከና ደራሽ በዓይኑ ላይ መጣበት። «ኡመይማ!»

«አለሁ አባ።» ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ያስላታል። «አለሁ።»

ነፃነት ብቅ ያለችው ግራጫውን ሹራብ በሁለት እጇ አቅፋ ነው፤ ውሃው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። «እስቲ ይያዙት አባት» አለችና እጁ ላይ ጣለችው። ክንዱ ወረደ። የረጠበ ጤፍ ጆንያ የተቀበለ መሰለው።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግን ይህን አዝላ ማን ይዋኛል? ኮፍያው ውሃ ሞልቶ አንገቷን ወደ ኋላ ይጎትታታል። ለብሳ መግባቷን አልከለክልም፤ ይህን ግን ሁለተኛ አላስገባም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ ካላገኛችሁ ይቅር።»

ኡመይማ ዓባያዋን ደርባ ወጣች። ከንፈሯ ገርጥቷል። «እንሂድ አባ። ይቅር።»

«እንደሚከብድ ታውቂ ነበር?»

መሬት መሬት አየች።

«ታውቂ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እንዲያውም ተይው ትለኛለህ ብዬ ነዋ።»

እውነቷን ነው፤ ይላት ነበር። እርጥቡን ሹራብ ዘበኛው አጠገብ አስቀመጠና «እንዳትሄጂ!» ብሎ ባጃጅ ጠራ።

ሀምዱ ገበያው ዳር ጆንያ ዘርግቶ ልብስ ያራግፍ ነበር። አብዱልሐሚድ ሰላምታውን አጋምሶ ክምሩ ላይ ተደፋ። እየፈተገ፣ ዕቃ የሆነውን ወደ ኋላው ይወረውራል።

«ምነው ሰውዬው፣ ለየልህ? ደኅና ደኅናውን ነው እኮ የምትጥለው!»

«ያን ላስቲክህን አምጣ።»

«ራስህ 'ላብ አይጠጣም' ብለህ የጣልክብኝን?»

«እሱን! እሱኑ አምጣ።»

ጣቱን ግን ማመን አቃተው። ይህ ጣት ነው ልጁን ሊያሰጥም የነበረው። ከአጠገቡ ካለችው ሻይ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ባልዲ ሳበና አንዱን ሹራብ ነከረው፤ አወጣው፤ ከበደው፤ ጣለው። ሁለተኛውን ነከረ።

«ወላሂ ታስከፍለኛለህ! ንብረቴን ሁሉ አጠብክልኝ!» ሀምዱ እየጮኸ ይስቃል፤ ሰው ተሰበሰበ። «ያ ጀመዓ፣ የደሴ ነጋዴ ሰልባጅ ሲያስጠምቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

በመጨረሻ አንዱ ከባልዲው ሲወጣ ውሃው ጥሎት ሸሸ። ስስ ነው፤ እጅጌው ረጅም፣ ኮፍያው ጠበብ ያለና በገመድ የሚታሰር። ወገብ አልፎ ይወርዳል። ቀለሙ ግን የበሰለ ብርቱካን ነው፤ ከሩቅ የሚጮህ። አብዱልሐሚድ ይዞት ቆመ። ልጁን ከዓይን ሊሰውር የመጣ ሰው ይህን ያለብሳታል? ሌላ ቀለም ፈለገ፤ የለም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ልትደርስ ነው። ያ ወፍራም ድምፅ፣ ድብ… ድብ… ጆሮው ውስጥ ገና አልወጣም።

«ያ ረቢ፣ አንተ ሸፍናት» አለና በብብቱ ሸጎጠው።

ኡመይማ ቀለሙን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ይሄን? አንተ ነህ ይሄን ያመጣኸው?»

«ግቢ፤ ሰዓት የለም።»

አሁንም ሸራው ሥር ቆመ፤ ገበየሁ ተቀመጡ ቢለው አልሰማም። ውሃው ተሰነጠቀ። ቻፕ፣ ቻፕ፣ ቻፕ። እየራቀ ሄደ፤ ዞረ፤ መጣ። አሁን ይወፍራል ብሎ ጥርሱን ነከሰ። አልወፈረም። ደግሞ ራቀ። በእያንዳንዱ ምት በሙስበሐው አንድ ዚክር ቆጠረ፤ ከምቱ ቀድሞ እንዳያልቅበት ቀስ እያለ። ስንተኛው ምልልስ እንደሆነ ጠፋበት። ነፃነት የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሴቶች ሳቁ፤ ቻፕ ቻፑ ግን አልቆመም።

«አለቀ መሰለኝ ሐጂ» አለ ገበየሁ። «ልጅቷ ናት አልወጣም ያለችው።»

«ተዋት» አለ አብዱልሐሚድ። «ትዋኝ።»

ኡመይማ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። ምንም ሳትናገር እርጥቡን ብርቱካናማ ሹራብ ዘረጋችለት። አብዱልሐሚድ ያን ግራጫ አስታውሶ እግሩን አንፈራጠጠ፤ ክንዱን አጠንክሮ ተቀበለ። የጠበቀው ክብደት ስላልነበረ እጁ ወደ ላይ ተፈናጠረ፤ የውሃው ፍንጣሪ ጢሙ ላይ አረፈ።

«የፊታችን ጁሙዓ ጠዋት እጀምራለሁ» አለች።

እሱ ሹራቡን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጋል።

«ይኸው ብቻ ነው?» አላት።

«ይኸው ነው አባ።»