ሚጡ ያነበበችው ምዕራፍ

አጅሬ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ከብዶት ሳይሆን፣ መምህራኑ ውሸቱን መሸከም አቅቷቸው ነው ይባላል። ይህንንም ያስወራው ራሱ ነው። በኋላ ለውሸቱ የሚሆን ሥራ አገኘለት፤ የሚያስፈራ ልብ ወለድ መጻፍ። የበሽተኛ ጣት የሚለቅም የጥርስ ሐኪም፣ ቬሎዋን ለማሳጠር ከመቃብር የወጣች ሙሽራ፣ ምኑ ቅጡ!

ታላቅ ወንድሙ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። የአጅሬን መጻሕፍት የሚያርመው እቤቱ፣ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። እርማት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ የእጅ ጽሑፉን ከነሥርዓተ ነጥቡ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ማተሚያ ቤት በፊደል የተለቀመውን ገጽ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይከተላል። አንባቢዋ የአራሚው ልጅ ሚጡ ነበረች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናት የላትም፣ ያላት አባቷ ብቻ ነው።

«ሙሽራይቱ አንገቱን በጥርሷ ዘነጠለችው አራት ነጥብ» ትላለች፣ የአስቤዛ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው። «አዲስ መስመር። ደሙ ጣሪያ ነካ አራት ነጥብ። አባዬ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ?»

ጎረቤት «ይሄ ለልጅ ይሆናል?» ሲል አባትየው «ፊደል እንጂ ሌላ ምን ታያለች ብላችሁ ነው» ይላል። እስከዚያ ድረስ እውነቱን ነበር።

አጅሬን ግን ነገሩ አንገበገበው። ስንቱን ጎልማሳ መብራት አስበርቶ ያሳደረ ሰው፣ የወተት ጥርሷ ወልቆ ባላለቀ ልጅ ፊት ይፈር?

«ትንሽም አልፈራሽ?»

«ያንተ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ እኮ፣ አጎቴ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ካላስደነገጥኩሽ ስሜን ቀይሪው!»

«ምን ብዬ?»

«አህያ በይኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጻፈ። በአዲሱ ምዕራፍ የሚጡን ክፍል እንዳለ አስገባው፤ እጀታው የላላውን ቁም ሣጥን፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈውን አልጋ፣ ሰማያዊ ጫማዋን ሳይቀር። አባት በሩ ላይ ቆሞ «ሚጡዬ፣ ተኛሽ?» ይላል። ልጅቷ «አልተኛሁም» ብላ እየሮጠች ትሄዳለች። አባቷ ግን ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ቆዳውን የለበሰ ሌላ ነገር ነው።

ሚጡ እንደ ልማዷ ጀመረች። ቁም ሣጥኑ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። አልጋው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። «ሚጡዬ ነጠላ ሰረዝ ተኛሽ» አለችና አቆመች።

«የጥያቄ ምልክት የለውም?» አለ አባቷ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል።

ቀና ሲል፣ የእሱን እጆች ትክ ብላ እያየች ነው፤ የቆዳውን ስፌት እንደምትፈልግ ዓይነት።

አጅሬ ጠረጴዛውን መታ። «በላሁሽ! አህያ ከመባል ተረፍኩ!»

ማንም አልሳቀም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቷ ሲጠራት አትመጣም። ራቅ ብላ ቆማ ትፈትነዋለች። «ዱሮ የነበረን ድመት ስሙ ማን ነበር?» «የወለቀ ጥርሴን የት ነው የቀበርነው?» አባትየው እየደጋገመ ይመልሳል። በአራተኛው ቀን ጥርሱ የተቀበረበት ቦታ ጠፋበት። ሚጡ ክው አለች፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈች።

አራሚው ወንድሙን አስጠራው። «ያበላሸኸውን አስተካክል። እኔ እንደሆን የገዛ ድምፄን እንኳ ፈራሁት።»

አጅሬ አፉን በሩ ላይ ለጠፈ። «ሚጡ! ቅጥፈት ነው እኮ! ቆዳ የሚለብስ ነገር የለም። እሱ ያው ጋሼ ነው፣ እኔን ራሴን አዝሎ ያሳደገኝ ጋሼ!»

ቁልፉ ዞረ። ሚጡ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ክፍሌን እንዴት አወቅከው?»

«አልጋሽን የጠገነው ማነው?»

«አባዬ መሞቱንስ? እሱንም አንተ ነህ ያሰብከው?»

አጅሬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለመናገር ቆረጠ። «እኔ ነኝ።»

«ስትጽፈው አልፈራህም?»

«እንዴት እፈራለሁ? እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት።»

ሚጡ አየችው፤ ጢሙን፣ ጥርሱን፣ ቀለም የነካውን ጣቱን። ፊቷን ከእሱ ሳታዞር ወደ ኋላ እየተራመደች ሄዳ አባቷ ጀርባ ገባች። ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። አባትየው ትንፋሹ እንዳያባርራት የፈራ ይመስል አልተነቃነቀም።

«ተመስገን! አላልኳችሁም?» አለ አጅሬ፤ ጭንቅላቷን ሊዳብስ እጁን ዘረጋ።

«አባዬ፣ እንዳይነካኝ።»

«ቀልዷን ነው» አለ አጅሬ ወደ ወንድሙ እያየ።

«እጅህን ሰብስብ» አለው ወንድሙ፣ ቀስ ብሎ።

አጅሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።