በምናለ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁለተኛ ስም

ፅጌረዳ ማንንም ሳትጠይቅ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫነችው። ጣቷ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ሰርኬ ከፍራሹ ላይ ሆና አየቻት። ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አሁን ያንገበገባት ግን የዚህች አስተማሪ ጣት ነው።

ያመጣቻት የሟቹ የምናለ እህት ፈትለወርቅ ናት። ድንኳኑ ውስጥ ኮቱም ከዘራውም ተይዞ ተለቅሶበታል፤ የሚያዝ ፎቶ ግን የለም። ፎቶው ያለው እዚያ ዕቃ ውስጥ ነው፣ መክፈት የምታውቀውም ፅጌረዳ ብቻ ናት ተባለ። ሚስቲቱ እቤት ቁጭ ብላ።

ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ አጓራ። ከአራት ዓመት በፊት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ኮምፒውተር ጠጋኞች አርጅቷል ጣለው ብለውት ነበር። ምናለ ደግሞ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። አብራው የምታስተምረው ይህችው ልጅ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛለት መጣች፤ በነፃ የሚሰጥ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የማይከብድ ነው አሉ። ሁለት ቅዳሜ አብረው ሲጭኑ ዋሉ። ሰርኬ ምሳ አቀረበች፤ እነሱ እሷ በማይገባት ነገር ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱን ለኮምፒውተሩ፣ ጀርባውን ለእሷ ሰጠ። አንድ ቀን ሶኬቱን ነቀለችበት። መልሶ ሰካው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

የኮምፒውተሩ መስታወት ሲበራ ሁለት ስም ወጣ። ፅጌረዳ በላይኛው ልትገባ የምናለን የይለፍ ቃል መጻፍ ጀመረች። እሱንም ታውቀዋለች። ሰርኬ ብድግ ብላ ተጠጋች። ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ቀስ እያለች ታነባለች። የታችኛው ስም የዚህችው ነው ብላ ጥርሷን ነክሳ አነበበችው። ሰርኬ ይላል።

«ማን ጻፈው?»

«ጋሼ ናቸው፣ እትዬ። ከታመሙ በኋላ ለእርስዎ ብቻ መግቢያ አበጁ። የይለፍ ቃል የለውም፤ ሁሉም በአማርኛ ነው። አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ላንቺ ነገረሽ?»

ፅጌረዳ አቀረቀረች። «የአማርኛውን ፊደል አብረን ነው የጫንነው።»

ከሁሉ ይህ ባሰባት። ለእሷ የተሰናዳውን እንኳ ይህች ቀድማ አውቃዋለች።

«ተነሽልኝ።»

ወንበሩን ያዘች። ፅጌረዳ ማውዙን ልታስይዛት እጇን ስትዘረጋ በክንዷ ገፋቻት። ቀስቱ እየሸሸ ስሟን ሦስት ጊዜ ሳተችው፤ በአራተኛው ተከፈተ። በትልልቅ ፊደል «ፎቶዎች» የሚል አለ። ነካችው። ምናለ ገብስ ማሳ ዳር ቆሞ፣ ፀሐይ ዓይኑን አጥብባበት፣ መስታወቱን ሞላው።

ፈትለወርቅ ከደጅ ተጣራች፤ ፎቶውን የሚያትመው ፎቶ ቤት ሊዘጋ ነው፣ አገኛችሁት ወይ ትላለች። ፅጌረዳ ልታይ በሰርኬ ትከሻ ላይ አጎነበሰች።

ሰርኬ፣ ልጅቷ እንዳታየው፣ መዳፏን በባሏ ፊት ላይ አሳረፈች። መስታወቱ ሞቋል። ፈትለወርቅ እንደገና ተጣራች። ሰርኬ እጇን አላነሳችም።