መስኮቱ በክርኔ ልክ

«እጅህ ይባረክ!» የሚለውን ቃል ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስሰማ ስንት ዘመኔ። ስፌቱ የእኔ፣ ምርቃቱ የዋርሳዬ።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሱቁ የአባታቸው ነበር። ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ጥዬ በትዳር ስመጣ፣ እጄን ይዘው ስፌት ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ባሌ ሾፌር ነውና መንገድ ላይ ነው የሚውለው፤ ፊት ቆሞ ሰው መቀበሉን ዋርሳዬ ያዘው። «ሴት ልጅ ደንበኛ ፊት ተቀምጣ ፔዳል ስትረግጥ አያምርም» አለና ከነስፌት መኪናዬ ወደ ጓዳ አስገባኝ። መሃላችን መጋረጃ ተዘረጋ። የፊቱን መስኮትም ሌባ ይገባል ብሎ ቆርቆሮ መታበት። ከዚያ ወዲህ ቀን በአምፖል ነው የምሰፋው።

አልዋሽም፣ ክፉ ሰው አይደለም። የሱሪ እግር ቀጥ አድርጎ መክፈፍ ባይሆንለትም ምላሱ ከመርፌ ይሾላል፤ ሰው አባብሎ ያስገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ሲመርቁት «አሜን» ይላል።

ማዘጋጃ ቤቱ የመሃል ከተማውን ሱቆች ፊት ላድስ ብሎ ተነሳ። ግማሹ ወጪ ከእሱ፣ ግማሹ ከባለሱቁ፤ ገንዘብ ያጠረው በጉልበቱ። ዋርሳዬ «ከየት አምጥተን?» ብሎ ሊተወው ነበር።

«ጉልበቱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

መፋቂያ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። አረንጓዴውን ቀለም ስፍቅ ከሥሩ ቡኒ፣ ከቡኒው ሥር አማቴ የቀቡት ሰማያዊ ወጣ። «ደህና ሰንብተዋል?» አልኩት ሰማያዊውን። ያንኑ ቀለም መልሼ ልቀባው እዚያው ላይ ቆረጥኩ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሟል። «እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ! ቢወድቁ ጎረቤት ነኝና ቀብር መምጣቴ ነው፤ ሥራ አያስፈቱኝ!»

«አንተ የያዝከውን ጆሮ እንዳትቆርጥ ተጠንቀቅ!»

ቀለሙ ሲደርቅ የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ሜትር ይዛ መጣች። ወጣት ናት። «በመስኮቱ የሚታየው በቤቱ የሚሠራው ሥራ መሆን አለበት። ቆርቆሮ አይመታበትም፣ ካርቶን አይደረደርበትም» አለች።

«የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አቆምበታለሁ፤ ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ» አለ ዋርሳዬ።

እሷ ግን የተሰቀለውን ኮት ገልብጣ ገበሩን ታያለች። «ይሄን ማን ሰፋው?»

«የቤታችን ሥራ ነው።»

«ቤት እጅ አለው እንዴ?» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። ገልጬ ወጣሁ፤ ክሩ ጥርሴ መሃል ነው። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

እስከዚያች ቀን ይሄ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዋርሳዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መሐንዲሷ ፈገግ ብላ፣ «እንግዲህ የመስኮቱን ልክ ለመስታወት ሠሪው ንገሩት» ብላ ሄደች።

መስታወት ሠሪው ሲመጣ ዋርሳዬ አሻንጉሊት ሊያፈላልግ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ከየት እስከ የት ላድርግልዎ?»

ወንበሬን ከጓዳ አምጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እጆቼን ልክ እንደምሰፋ ዘረጋሁ። «ከታች ከክርኔ ጀምር። ከላይ ከራሴ ስንዝር እለፍ። ከዚያ በላይ ያለው ለስም ሰሌዳው ይሁን። ወደ ጎን እንደ ልብህ።»

«አጭርና ወርዳም ሆነ እኮ!»

«እኔስ ምን ሆኜ ነው?»

ሳቀና ሠራው።

መስታወቱ በገባ ማግስት ዋርሳዬ አሻንጉሊቱን በትከሻው ተሸክሞ ከች አለ። ኮት አለበሰው፣ ከረባት አሰረለት፣ መስኮቱ ውስጥ አቆመው። ወጥተን ከመንገድ አየነው። ራስ የለውም። ከአንገቱ በላይ ያለውን ሰሌዳው ጋርዶታል።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ተሻግሮ መጣ። «ምን በድሎ ነው አንገቱን የቀላችሁት? እኔ አዲስ ደንበኛ አገኘሁ ብዬ!»

አላፊ አግዳሚው ሳቀ። ዋርሳዬ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ልኩን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ምን አስበሽ?»

«ቁጭ ብዬ ስሠራ ሰው እንዲያየኝ አስቤ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ፊት ለፊት ሆኜ ልስማው። እስከ ዛሬ በመጋረጃ ነው የሰማሁት።»

ራስ የሌለውን አሻንጉሊት ዞሮ አየ። «እኔ ታዲያ ምን ልሁን?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«አንተማ በሩ ላይ ቁም፣ ሰው አስገባ። እሱን እኔ አልችልበትም። ሲመርቁህ ግን ጣትህን ወደ መስኮቱ ቀስር።»

መልሱን አልጠበቅኩም። ገብቼ መጋረጃውን ከነሽቦው ነቀልኩት። የስፌት መኪናዬን በአንድ በኩል ይዤ ጎተትኩ። የአማቴ ነው፣ እግሩ ብረት ነው፤ ወለሉ ጮኸ። የጓዳውን ደፍ ስሻገር ድንገት ቀለለኝ። ቀና ስል ዋርሳዬ በሌላው በኩል አንስቶታል።

አሻንጉሊቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገን መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። አምፖሉን አጥፍቼ ተቀመጥኩ፤ ክሩ መርፌው ውስጥ በመጀመሪያው ገባ። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ይይ። ያንን መጋረጃ ጭኔ ላይ ዘርግቼ በመቀስ ለሁለት ከፈልኩትና ለስፌት መኪናዬ ልብስ ሰፋሁለት።