የኢስሐቅ ዝርዝር

«ለሌላው ሁሉ ስትከራከር ቆይተህ ፓወር ሰፕላዩን ርካሽ ስጠኝ ትለኛለህ?» ያለው ባለሱቁ ነበር። ገዢው መምህር ይሁን ሐኪም ረስቻለሁ። የመለሰለትንም አላስታውስም፤ ያኔ ዐረብኛዬ ገና ነበር፣ እጄም ወለል መወልወያው ባልዲ ውስጥ ነበር። «አንድ ቀን መብራቱ ዘሎ ሲመጣ የቀረውን ዕቃ ሁሉ ያቃጥልብሃል» ማለቱ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።

ሱቁ በተሰደድንበት ከተማ፣ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዛሬም የማጸዳው እኔ ነኝ። ሰዎች ዕቃ በዕቃ መርጠው ኮምፒውተር ሲያስገጣጥሙ የሚከራከሩትን እየሰማሁ፣ ያልገባኝን በደብተር እየጻፍኩ፣ ሳላስበው ተማርኩ። ባለሱቁ ኡስታዝ ባቢክር አሁን «ያ ሉጥፊያ፣ እንትኑን አውርጂ» ሲለኝ መደርደሪያው የትኛው እንደሆነ አልጠይቀውም።

ኢስሐቅ የጓደኛዬ የሐምዲያ ባል ነው። ደሴ ሳለ የቤት ፕላን በእጁ ይነድፍ ነበር፤ እዚህ ግንበኛ ሆነ። አምና ጀብራ ሰፈር ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ማዮ ሰፈር ያለው ቤቱ ተቀምጧል። ሐምዲያ ሰው ቤት እየሠራች ታኖረዋለች፤ እሱም ከሥራ ስትገባ ፊቷን ቀና ብሎ አያይም። ረመዳን ሲገባ የድሮ አሠሪው ደወለለት። «ፕላን በኮምፒውተር የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ቤትህ ሆነህ ትሠራዋለህ። ለዒድ ካልደረስክ ግን ሌላ እይዛለሁ» አለው።

ሐምዲያ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለኮምፒውተር መግዣ ሰጠችው፤ ኢስሐቅ የዕቃ ዝርዝር ጻፈ። በማግስቱ ሰረዘው። ሦስት ሳምንት ሲጽፍና ሲሰርዝ ቆይቶ፣ ለዒድ አሥር ቀን ሲቀረው ሐምዲያ ሪክሻ ላይ አሳፍራ ሱቁ ድረስ አመጣችው።

«ፕሮሰሰሩ ይኼ አይደለም» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ትናንት ያልከው እሱን እኮ ነው» አለች ሐምዲያ።

«ትናንት ያንን አላየሁም ነበር።» በክራንቹ ጠቆመ። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ማራገቢያው ቀይና ሰማያዊ የሚበራ የኮምፒውተር ኬዝ ነው።

«ኧረ በአላህ! የሠርግ ድንኳን ነው የምትገዛው?»

«የጎረቤት ሴቶች መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ሲመጡ ጥቁር ሳጥን ላሳያቸው ነው? ለሱ ደግሞ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ይገባበታል።»

ባቢክር አማርኛ ባይሰማም ሳቀ። እኔም ለኢስሐቅ፣ ለቤት ፕላን ትልቁ ካርድ እንደማያስፈልገው ነገርኩት። «ራሙን ከፍ እናድርገው፤ ፓወር ሰፕላዩም ደህና ይሁን። የማዮን መብራት ታውቀዋለህ፣ ባትሪም ይጨመርበት። ጥቁሩ ኬዝ አቧራ ማጣሪያ አለው።»

«ቆይ፣ ልጠይቅና...»

«ማንን?» አለች ሐምዲያ።

ዓይኑን ወደሚበራው ኬዝ መለሰ።

የዐስር ሰላት ደረሰ። ባቢክር መስጂድ ሄደ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው መስገጃ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ ሐምዲያን አስቀደምኳት። ኢስሐቅ አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ወደዚህ ሱቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የምሠራበትን ፕሮግራም ይችልልኛል?» ብሎ ነው። ኢስሐቅ ግን፣ ሐምዲያ እንደምትነግረኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ማራገቢያ ሲያወራ የፕሮግራሙን ስም አንድ ቀን አላነሳም።

«ወንድም ዓለም፣ የምትሠራበት ፕሮግራም የትኛው ነው? ራሙን በሱ ልክ እንግዛው።»

«የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ የማውቀው የሱቁን ዕቃ ነው። ፕላኑን አላውቅም።»

ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ሉጥፊያ፣ እኔ የማውቀው እርሳስና ማስመሪያ ነው» አለ በመጨረሻ። «የኮምፒውተሩን ፕሮግራም አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ዕቃው ቤት የገባ ዕለት ሐምዲያ አጠገቤ ቆማ ‹እስቲ ሥራ› ትላለች። ካልተገዛ ግን ዕቃው ጠፍቶ ነው ይባላል።»

የምለውን እንዲያቀናልኝ በልቤ አላህን ለመንኩት። «ልጅህ ሰልሰቢል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትማረው?»

«ልጄ? እሷማ ‹ባባ፣ ግድግዳ የት ይሄድ?› ነው የምትለኝ። አማርኛው እንኳ አልያዘላት፣ እኔን ልታስተምር?»

«የሚነካውን እሷ ታሳይሃለች። ግድግዳው የት እንደሚቆም አንተ ትነግራታለህ።»

«ሐምዲያስ?»

«ሐምዲያስ ምን?» አለች፤ ሰግዳ ጨርሳ የተከናነበችውን ቶቧን እያስተካከለች ከኋላችን ቆማለች።

ኢስሐቅ እንድናገርለት እኔን አየኝ። አልረዳሁትም። እየተንተባተበ ራሱ ነገራት።

«ሦስት ሳምንት!» አለች። የቶቧን ጫፍ ሰብስባ ትከሻውን መታችው። «ወላሂ፣ እኔ እኮ እኛን ጥለኸን ልትሄድ ያሰብክ መስሎኝ ነበር። ገንዘቡን ከሰጠሁህ ጀምሮ አንድ ቀን ደስ ብሎህ አላየሁህም።» ዓይኗን ጠረገች።

«በዚህ እግር የት እሄዳለሁ?» አለ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ።

ባቢክር ሲመለስ ጥቁሩ ኬዝ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ፓወር ሰፕላዩን ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ አጠገቡ አደረግኩት። ኢስሐቅ ዝርዝሩን እንደገና ጻፈ። አጭር ነበር።

«አንድ ነገር ግን» አለ ወደ ሐምዲያ ዞሮ፤ «ሰልሰቢል ስታስተምረኝ በር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ሰው አልፈልግም። አንቺም ብትሆኚ።»

«በሩን እኔው እዘጋልሃለሁ።»

ዝርዝሩን ለባቢክር ሰጠው። «እሺ» አለ። «ከነገ ጀምሮ ከዐስር በኋላ ከሰልሰቢል ጋር እቀመጣለሁ።»